መሬት የለውም የተባለው ቤታችን

በእኛ ቤት መብራት አይነዝርም፤ ይቆጣል። "ምን ሆንሽ?" ሲሉኝ "ፍሪጁ ተቆጣኝ" እላለሁ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። እንግዳ ሲመጣ እናቴ መጀመሪያ "ግቡ፣ ኧረ ግቡ" ትላለች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ያንን ግድግዳ ብቻ አትደገፉት፣ ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብሏል" ትላለች፤ የቤቱን አስቸጋሪ ሽማግሌ የምታስተዋውቅ ነው የሚመስለው። እንግዳው ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን፤ ግድግዳውን ግን ማንም አይደገፍም።

የሰው ሁሉ ቤት እንዲህ የሚቆጣ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ኮተቤ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ፣ "ከፍሪጅ ውሃ አምጪልን" ስትለኝ ተነሥቼ ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

"ምን ጠፋሽ?" አለችኝ።

"የፍሪጁ ጫማ የታለ?"

"የምኑ?"

"የፍሪጁ ጫማ! ስትከፍቱት የምታደርጉት!"

እኛ ቤት ፍሪጁ ፊት ለፊት አንድ ጥንድ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አይጠፋም። ለእግር አይደለም፤ ለፍሪጁ ነው። በባዶ እግሩ የሚከፍተውን ይቆጣዋላ! ጓደኛዬ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ነው የሳቀችው። በማግስቱ ክፍላችን በሙሉ ሰማ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ታክሲ ውስጥ ሳቄ አለቀ፤ ለካ እኛ ስንፈራ የኖርነውን ነገር ሌላው ሰው አያውቀውም።

ቤቱ የአያቴ ነው። ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ፣ አስፋልቱ ኮብልስቶን ሆኖ፣ ኮብልስቶኑም ተስፋ ቆርጦ ተራ ድንጋይ የሚሆንበት ቦታ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ ነው። አያቴን "አኮ" ነው የምንላት፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ በሁለቱም ቋንቋ ትመርቃለች፣ በሁለቱም ትሳደባለች፤ ስድቡ በየትኛው እንደሚብስ እስካሁን አልወሰንንም። ቤቱን ከሟቹ ባሏ ጋር ነው የሠሩት። ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ስለተቀባ ብሎኬት ይመስላል እንጂ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። የመብራቱ ሽቦ ደግሞ ቱቦ ሳይለብስ እንዲሁ ከጭቃው ጋር ተመርጎ ነው ግድግዳው ውስጥ የቀረው። ዝናብ ጣሪያውን አልፎ ጭቃውን ሲያርሰው ግድግዳው ራሱ ሽቦ ይሆናል።

የቤታችን ኤሌክትሪሺያን አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ሥራው ከመገናኛ ኮተቤ ሚኒባስ መንዳት ነው፤ ግን ኪሱ ጥቁር ፕላስተር አይጠፋውም፤ እጁ የማይገባበት ሶኬትም የለም። ትልቁ ኩራቱ ቫልቮላው ነው። ቫልቮላ ማለት ቆጣሪው አጠገብ ያለች ነጭ የሸክላ ነገር ናት፤ መብራት ከልክ ሲያልፍ ውስጧ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተቃጥላ ቤቱን ታድናለች። የእኛዋ ድሮ ቶሎ ቶሎ ትቃጠል ነበር አሉ። አጎቴ ቀጭኗን አውጥቶ ወፍራም ሽቦ ጠመዘዘባት።

"ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተቃጥላ ታውቃለች?" ይላል ደረቱን ነፍቶ።

"አታውቅም" እንላለን ሁላችን። እውነት ነው፣ አታውቅም።

ይሄ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ሊቀጥል ይችል ነበር፤ አኮ በግራ እጇ ባትቆርስ ኖሮ።

ሚያዝያ ነበር፣ የበልጉ ዝናብ የጠናበት ሰሞን። ራት ቀርቦ ተቀምጠናል። እናቴ ስለ ሥራ ቦታዋ ታወራለች፣ አጎቴ ስለ ትራፊክ ፖሊስ ያወራል። እኔ የአኮን እጅ አየሁ። ግራዋ ወደ ትሪው ሄደች፣ ቆረሰች፣ ጎረሰች። አኮ! ልጅ ሆኜ በግራዬ ዳቦ ነክቼ ጣቴን በማንኪያ የመታችኝ አኮ! "ግራ ለሌላ ሥራ ነው የተሰጠሽ" ብላ ያስለቀሰችኝ አኮ!

"አኮ፣ ቀኝሽ ምን ሆነ?"

"ምን ይሆናል? ብዪ።"

"አሳዪኝ።"

"ብዪ ብያለሁ፣ ይቺ ልጅ!"

ከነጠላዋ ሥር ፈልጌ አወጣሁት። አልቆሰለም፣ አላበጠም። ግን ጣቶቿን ስይዛቸው መልሰው አልያዙኝም። እኔ የማውቀው የአኮ እጅ ሲይዝ ያማል፤ ገበያ ውስጥ እንዳልጠፋ ሲይዘኝ ጣቴ ይነጣ ነበር። ይሄኛው እንደ እርጥብ ጨርቅ መዳፌ ላይ ተኛ።

"ነጠላዬን ልሰቅል ስል ሚስማሩ ተቆጣኝ" አለች፣ እንደ ተራ ነገር። "ያልፋል።"

አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ "ነገ ሚስማሩን ነቅዬ ሌላ ቦታ እመታዋለሁ" አለ።

ያን ጊዜ ነው "ቆጣ" የሚለውን ቃል የጠላሁት። ልብ ያለው ነው የሚቆጣ። የተቆጣ ሰው ሲለምኑት ይበርድለታል፣ ሲቆይ ይጸጸታል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ነገር ግን አኮን ከአጎቴ አይለይም፤ ዛሬ ጣቷን ወሰደ፣ ነገ ልቧን ይወስዳል። በዚያ ላይ ይሄ ገና በልግ ነው። ክረምቱ ከነበረዶው እየመጣ ነው።

"ክረምት ሳይገባ ይቀየራል" አልኩ።

"ሚስማሩ?" አለ አጎቴ።

"ሽቦው። የቤቱ ሽቦ በሙሉ።"

"በሉ ስሙ፣ ኢንጂነሯ ተናገሩ!" አለና ጉርሻ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋ። አልጎረስኩም። እኛ ቤት ጉርሻ እንቢ ማለት ጦርነት ማወጅ ነው፤ ሁሉም ገባቸው።

በማግስቱ እናቴ አኮን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ልቧ ደህና ነው ተባለ፣ እጇም በሳምንቱ ተመለሰ። ቤቱም ወዲያው መርሳት ጀመረ። እኔ አልረሳሁም። እናቴን ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ስይዛት እንዲህ አለችኝ፦ "ዕቁቤ ሊወጣልኝ ነው። ለሶፋ ነበር ያሰብኩት፤ ለሽቦ ይሁን። ግን አኮን አንቺ ታሳምኛታለሽ። እኔ እናቴን አልችላትም።"

ከትምህርት ቤት በቀጥታ፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ መገናኛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ሄድኩ። አንዱ "አባትሽን ላኪ" አለኝ። ሌላው ስልኩን ሳይተው አምፖል ሰጠኝ፤ አምፖል አልጠየቅሁትም! በሦስተኛው ሱቅ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ወጣት ሴት ብሬከር እያማረጠች ነበር። ዞር ብላ አየችኝ።

"ቤቱ ጭቃ ነው ብሎኬት?"

"ጭቃ።"

"ዝናብ ሲጥል ግድግዳው ይነዝራል?"

ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። ይሄን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "ይነዝራል!" አልኩ፤ ቃሉን ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። ባለሱቁ ጭምር ቀና አለ።

ቅዳሜ መጣች። ትውልዷ ደሴ ነው፤ እዚሁ ኮተቤ አካባቢ ኤሌክትሪክ ተምራ በሥራ ቀርታለች። አነጋገሯ የወሎ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ሰው የሚያባብል። ቴስተሯን ፍሪጁ በር ላይ ስታስነካው የቴስተሩ መብራት በራ። ግድግዳው ላይ ስታስነካው በራ። ቫልቮላዋን ከፍታ ወፍራሙን ሽቦ አየችው።

"ይቺን የሠራት ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለ አጎቴ በኩራት። "ተቃጥላ አታውቅም።"

"እሷ ካልተቃጠለች እኮ ወንድሜ፣ የሚቃጠለው ቤቱ ነው።"

አጎቴ ሚኒባሱን ሊያጥብ ወጣ። ዝናብ እየጣለ ነበር።

ከዚያ ልጅቷ አኮ አጠገብ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። የሙያውን ቃል ለትልቅ ሰው መናገር ነውር ስለመሰላት ይመስለኛል፣ ግራውንድ ነው አርዝ ነው አላለችም። ወደ ጥሩ አማርኛ መለሰችው። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

"እማማ፣ ችግሩ ምን መሰልዎት፣ ቤቱ መሬት የለውም።"

እኔ ከኩሽና በር ላይ ሆኜ የአኮን አንገት ሲረዝም አየሁት።

ይሄን ለመረዳት አኮን ማወቅ ያስፈልጋል። ከቤታችን በታች ያሉት ፎቆች፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ መንገዱ፣ የአባቷ የገብስ ማሳ ነበሩ። አኮ ታክሲ ውስጥ ሆና በመስኮት እያሳየች "እዚህ ጋ በሬ እጠብቅ ነበር" ትላለች፤ የምታሳየው ባንክ ነው። ከዚያ ሁሉ የቀረቻት ይቺ ግቢ ናት። በእሷ ፊት መሬት የሚለው ቃል በቀላሉ አይነሣም። "የለውም" የሚለው ቃል ደግሞ ከኋላው ተከትሎ ጭራሽ አይመጣም።

"ማነው የላከሽ?" አለች አኮ።

"እሷ ናት የጠራችኝ፣ ልጅዎ..."

"ከየትኛው ቢሮ ነሽ?"

"ከቢሮ አይደለሁም እማማ፣ እኔ የመብራት..."

"የአባቴ ገብስ ከዚህ እስከ ወንዙ ድረስ ነበር! ሲቆረስ ሲቆረስ ይቺ ቀረችኝ። አሁን ይቺም የለችም ልትዪኝ ነው? በቱታ መጥተሽ? እኔ ሳልሞት? ተነሺ፣ ውጪልኝ!"

"አኮ፣ እሱን እኮ አይደለም የምትለው!" ብዬ መሀል ገባሁ። "መሬት ስትል ግራውንድ ማለቷ ነው፣ በእንግሊዝኛ..."

"እንግሊዝኛም ጨመራችሁበት?"

ተስፋ ቆርጬ በኦሮምኛ ሞከርኩ። የእኔ ኦሮምኛ የቤት ነው፤ "ብዪ፣ ነዪ፣ ሂጂ" ነው። ያገኘሁት ቃል "ለፈ" ነበር። ለፈ ማለት ደግሞ ምድርም ነው፣ ማሳም ነው። ሁለቱም ቋንቋዎቻችን ተስማምተው አጋለጡኝ!

"ተመልከቷት" አለች አኮ እጇን እያጨበጨበች፣ "በአንዱ ቋንቋ መውሰዳቸው አልበቃት ብሎ በሁለተኛው ትነጥቀኛለች! የገዛ ልጄ!"

ልጅቷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በር ላይ ደረስኩባት። ትናደዳለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን አፏን በመዳፏ ሸፍና እየሳቀች ነው። "እሷ ስትስማማ ደውዪልኝ" አለችኝ። "እስከዚያ ድረስ ዝናብ ሲጥል አጥፉት። ዋናውን፣ ቆጣሪው ሥር ያለውን። እሺ?"

እሺ አልኳት። ምን እንዳዘዘችኝ ያወቀች አይመስለኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጀመሪያዋ ጠብታ ቆርቆሮውን ስትነካ እኔ ቆጣሪው ጋ ነኝ። ጠቅ። ቤቱ ጨለመ። አጎቴ ኳስ እያየ ነው፤ ጠቅ። አኮ ድራማዋን እየተከታተለች ነው፤ ጠቅ። እናቴ ለነገ ልብሷን በካውያ እየተኮሰች ነው፤ እሷን ይቅርታ ጠይቄ፣ ጠቅ።

"አንቺ ልጅ፣ አብሪው!" ይጮሃል አጎቴ።

"ዝናቡን አቁመው፣ አበራዋለሁ።"

"ጎረቤት ሁሉ መብራት አለው እኮ! እኛ ብቻ ነን እንደ ዋሻ የተቀመጥነው!"

"ጎረቤት ግድግዳቸውን ይደገፋሉ። አንተ ተደገፍና አበራልሃለሁ። ና፣ ተደገፍ! እዚህ ጋ፣ እርጥቡ ላይ።"

አልተደገፈም። አንድ ቀን ሊያበራ ሲሄድ ቆጣሪው ፊት በርጩማ አስቀምጬ ተቀመጥኩበት፤ ዣንጥላ ይዤ፣ የባዮሎጂ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ። ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጎረቤቶች ከአጥር በላይ "ምን ሆና ነው?" ይላሉ፤ አጎቴ "አብዳ ነው" ይላል፤ እኔ "ሰላም ዋላችሁ" እላለሁ። ታናሽ ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ዝም በዪ የሚለው ሁሉ አንዲት ማጥፊያ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ያልቅ ነበር። የሚያዳምጠኝ ሰው ባጣ፣ ጨለማው ያዳምጠኛል።

አኮ አላናገረችኝም። አኮ ስታኮርፍ ምግብ አትከለክልሽም፤ ምርቃት ነው የምትከለክልሽ። ጠዋት ሁሉንም መርቃ እኔን "ሂጂ" ብቻ ትለኛለች። እሱ ነው ያመመኝ። ቢሆንም ማጥፋቴን አልተውኩም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አጥፍቼ ገባሁና ከእሷ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮው ይጮሃል። ግድግዳው ከላይ ወደ ታች እየጠቆረ፣ እየረጠበ ሲመጣ ሁለታችንም እናያለን።

"ያቺ ባለቱታ" አለች በመጨረሻ፣ እኔን ሳታይ። "ምን ልትል ፈልጋ ነው መሬት የለሽም ያለችኝ?"

"አንቺን አላለችም፤ ሽቦውን ነው። አኮ፣ ከሽቦው ያመለጠ መብራት የሚወርድበት ይፈልጋል። ወደ መሬት ነው መውረድ የሚፈልገው። በሥርዓት የተሠራ ቤት የራሱ ሽቦ አለው፣ በዚያ ይወርዳል። የእኛ ቤት የለውም።"

"ታዲያ አሁን በምን ይወርዳል?"

"በአንቺ።"

"በእኔ?"

"ሚስማሩን ስትነኪ በእጅሽ ገብቶ በእግርሽ ወደ መሬት ወረደ። አንቺ ነሽ መንገዱ።"

አኮ እጇን አየች፣ እግሯን አየች። ከዚያ ቀስ እያለ ቁጣው መጣ፤ የእውነተኛ ሰው ቁጣ፣ የሚያምር ቁጣ።

"በማሳዬ መንገድ ወጣ፣ ዝም አልኩ። በጎረቤቴ ቤት መንገድ ወጣ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ በገላዬ መንገድ ወጣብኝ በዪኛ!"

"እኮ!"

"ጥሪያት" አለች። "ያቺን ባለቱታ ጥሪያት። መሬት ከሆነ የምትፈልገው፣ እኔ እሰጣታለሁ።"

እናቴ የዕቁቡን ብር ሳትነካ ጠብቃ ነበር። ባለቱታዋ ተመልሳ መጣች፤ አኮም ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ግን "ደሴ ዝናብ አለ?" ብላ ጠየቀቻት፣ እሱ ይቅርታዋ ነው። አቡጀዲው ሲቀደድ የድሮ አቧራና የአይጥ ጎጆ ላያችን ላይ ወረደ። ወራጁ እንጨት ላይ፣ ሁለት ሽቦ ተጠማዝዞ የተያያዘበት ቦታ፣ እንጨቱ ከሰል ሆኗል። ከሥሩ ያለው የእኔ አልጋ ነው።

"የድሮ ጭስ ነው" አለ አጎቴ።

"ጭስ አንድ ቦታ መርጦ እንጨት ያከስላል?" አለች እናቴ። እናቴ ለወንድሟ መልስ ስትሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ ሄዳ አልጋዬን ጎትታ ሳሎን አስገባችው፤ ከባድ አልጋ ነው፣ ብቻዋን ነው የጎተተችው።

አሮጌው ሽቦ ተቆረጠ፣ አዲሱ በቱቦ ተሳበ። እያንዳንዱ ሶኬት ጋ ሦስተኛ ሽቦ መጣ፤ አረንጓዴና ቢጫ፣ ወደ መሬት የሚሄደው እሱ ነው። ያ ሽቦ የሚታሰርበትን የመዳብ ዘንግ ግቢው ውስጥ የት እንደምንመታው ሲጠየቅ አኮ ወጥታ ግቢውን ዞረች። ባለቱታዋ እርጥበት የማይለየው ቦታ ይሻላል አለች። አኮ ልብስ የምናጥብበትን ጥግ አሳየች፤ ወዲያው ደግሞ መዶሻውን ቀማቻት። "የእኔን መሬት መጀመሪያ እኔ ነኝ የምመታው" አለች። መታች። ዘንጉ ተንጋደደ። ባለቱታዋ ምንም ሳትል አቃናችው።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተሸነፍን። የአኮ መኝታ ቤት አምፖል አይነካም ተባለ። ሰፈሩ መብራት ያገኘ ጊዜ ባሏ መጀመሪያ ያስገባው እዚያ ነው፤ ሽቦውን ራሱ ነው ግድግዳው ውስጥ የመረገው። ባለቱታዋ አይመከርም አለች። እኔ ተከራከርኩ፣ ጮህኩ፣ እግሬን መሬት ላይ ደበደብኩ።

"እሱን ሽቦ ከነካችሁ" አለች አኮ፣ "ሌላውንም ነቅላችሁ ትወጣላችሁ።"

ባለቱታዋ ያንን መስመር ከሌላው ለይታ ለብቻው ብሬከር ሰጠችው። ስታበቃ እኔን የብሬከሮቹ ሰሌዳ ፊት አቁማ አስተማረችኝ። "ይቺ ትልቋ፣ ከሽቦ ውጪ የሚያመልጥ መብራት ስታገኝ ወዲያው ትቆርጣለች። ስትቆርጥ ተበላሸች እንዳትሉ። ሥራዋ ነው።" ከዚያ አንድ ቴስተር እጄ ላይ አስቀመጠች። "ያንቺ ነው" አለችኝ። ፀጉሬ ላይ እንደ ብዕር ሰክቼው ሰነበትኩ፤ ኮተቤ ጓደኛዬ ቤት ሳይቀር!

ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም ቤት እያለን፣ ከእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ መጣና በረዶ ለቀቀው። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፋብን መሰለን። በዚያ መሀል መብራቱ ጠፋ።

አጎቴ መጋረጃውን ገልጦ አየ። "ጎረቤት አለ። ማዶም አለ። የእኛ ብቻ ነው የጠፋው።" ወደ እኔ ዞረ። "ዘመናዊ! አሮጌው ሽቦ እኮ እንዲህ አድርጎን አያውቅም። እስቲ ተነሽ፣ ቀጥታ ልስጠው።"

ቀጥታ መስጠት ማለት ብሬከሯን ዘሎ ሽቦውን ከሽቦው ማገናኘት ነው። ይበራል፤ በደንብ ይበራል። ሰፈራችን ውስጥ ግማሹ ቤት የሚበራው እንደዚያ ነው። ጠመንጃ መፍቻውን ይዞ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

"ልቀቂ።"

"አልለቅም።"

"ስልኬ ሊዘጋ ነው፣ ተረኛ ሹፌሩ ሊደውልልኝ ነው፣ ልቀቂ!"

"ስልክህን ጎረቤት ሄደህ ቻርጅ አድርግ። ይሄን አትነካም።"

"አንቺን ማን ሾመሽ?"

"ማንም! ራሴ ነኝ የሾምኩት! የቆረጠችው አንድ ቦታ መብራት ስላመለጠ ነው። ቀጥታ ከሰጠኸው ያ ያመለጠው ግድግዳው ላይ ይጠብቀናል። እኔን ጎትተህ ካላወጣኸኝ አይሆንም፤ ጎትተኝ እስቲ!"

እጁ ክንዴን ያዘ። እናቴ "ተዋት" አለች ከሶፋው (አሮጌው ሶፋ፣ አዲሱ ሽቦ ሆኗል)። አልለቀቀኝም፣ አልጎተተኝምም። ያኔ አኮ ከመኝታ ቤቷ ሳፋ ይዛ ወጣች፤ ጣሪያው አፍስሶባት እያጠራቀመች ነበር። እግሯ ባዶ፣ እርጥብ።

"ምን አገኘች?" አለች፣ ብሬከሯን በአገጯ እያሳየች። እኔን ነው የጠየቀችው።

"ፈልጌ አገኘዋለሁ" አልኳት። የየክፍሉን ትናንሽ ብሬከሮች በሙሉ አጠፋሁ። ትልቋን መለስኳት፤ ሳትቆርጥ ቆመች። ሳሎንን አበራሁ፤ ቆመች። ኩሽናን፣ ቆመች። የፍሪጁን፣ ቆመች። አጎቴ ትከሻዬ ላይ ይተነፍሳል። የመጨረሻዋን፣ የአኮን መኝታ ቤት ከፍ ሳደርጋት፣ ጠቅ፣ ቤቱ ሁሉ ጨለመ።

አኮ አሁን የወጣችው ከዚያ ክፍል ነው። ዞራ በሩን አየችው፤ ውሃው ግድግዳውን ይዞ እየወረደ ነበር፣ ባሏ ሽቦውን በመረገበት በኩል።

እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ሳፋውን አስቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ እጇን አደረቀች።

"ድሮም" አለች፣ "የጀመረውን ሥራ አይጨርስም ነበር። አጥሩንም ለእኔ ነው ትቶልኝ የሄደው።" ወደ እኔ ዞረች። "ቁረጪው።"

"እኔ?"

"ማን ልጥራ? በረዶ ውስጥ ኮተቤ ልላክ?"

"እኔ እቆርጠዋለሁ" አለ አጎቴ ፈጠን ብሎ። "መሰላል ላይ ሴት ልጅ..."

"አንተ ፕላስተር ትለጥፍበታለህ" አለችው አኮ። "እሷ ናት የምትቆርጠው።"

ባለቱታዋን ደወልኩላት፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ እናቴ ያዘችልኝ። "ዋናውን አጥፊ። ራስሽ አጥፊው፣ ማንም አጥፍቻለሁ ቢልሽ አትመኚ። በቴስተርሽ ፈትሺ። ደግመሽ ፈትሺ።" አጠፋሁ፣ ፈተሽኩ፣ ደገምኩ። መሰላሉ የደረቀው ጥግ ላይ ቆመ። ወጣሁ። አምፖሉን ፈትቼ ለአኮ አቀበልኳት፤ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ፒንሳውን ሽቦው ላይ ሳደርገው ወደ ታች አየኋት። በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

ጠበቅ ያለ ነበር፣ የድሮ ሽቦ። በአንድ ጊዜ አልቆረጥ አለኝ። መሰላሉ ከሥሬ ተወዛወዘ።

"ውረጂ እስቲ" አለ አጎቴ ከታች፣ "ልጨርስልሽ፣ ትወድቂያለሽ።"

"መሰላሉን ያዝ" አልኩት።

ያዘ።